በሬው ሲፈታ ሰውየውም ይፈታ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ሥራና ሥልጠና መምሪያ፣
በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም፣ በአንጾኪያ ገምዛና በሌሎቹም የቆላ ቀበሌዎቻችን ሰው ቀጥራችሁ ለምታሠሩ ሁሉ፣

ጉዳዩ፦ ከደጋ ወርደው ፀሐይ ላይ ስለሚሠሩ የቀን ሠራተኞች

የተከበራችሁ፣

ካቦ ነበርኩ። ለብዙ ዓመት በግንባታ ላይ ሰው ሳሠራ ኖሬያለሁ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ልክሰስ ብል መጀመሪያ የምጠየቀው እኔው ነኝ። የድርጅቱንም ስም አልጠራም። እዚያ የሆነው በየሳይቱ የሚሆን ነገር ነው።

ወሩ ግንቦት ነበር። ሸዋ ሮቢት አካባቢ አንድ ሕንፃ እንሠራለን። የመሠረት ቁፋሮው ዘግይቷል፣ ኮንትራክተሩ ይጮኻል፣ ሰው አንሶኛል። በማለዳ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሄጄ አምስት ልጆች ይዤ ወረድኩ። ሦስቱ የመንዝ ልጆች ናቸው። ጠዋቱ ብርድ ነበር። አንደኛው ባናውን እንደ ደረበ ነው መኪናው ውስጥ የገባው። ጣርማ በርን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስናቆለቁል ባናውን አወለቀ። አርማንያ ላይ ሹራቡን አወለቀ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በከናቴራ ቀርቷል። «እናንተ ምጣድ ላይ ነው እንዴ የምትኖሩት?» አለኝ። ሳቅን።

ያን ዕለት ከሰዓት አካፋ ሰጠኋቸው። በነጋታው ሙሉ ቀን አሠራኋቸው። ልጁ ከነባሮቹ እኩል ልቆፍር፣ ከተቻለም ልብለጥ አለ። ደጋ ያደገ ጉልበት ነው፤ ደስ አለኝ። «ጎበዝ!» እያልኩ አበረታሁት። አሁን ያን «ጎበዝ» ሳስታውስ አፌን ይመረኛል።

ሰባት ሰዓት ላይ ቀና ብሎ አካፋውን ተደገፈ።

«ደከመህ?» አልኩት።

«እናቴ መጣች እንዴ?» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም። ሁለት እርምጃ ተራመደና ተዘረጋ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ላይ ያዘለት። አንዱ ሽንኩርት ፍለጋ ሄደ። «የሚጥል በሽታ ነው፣ አትንኩት!» ያለም ነበር። ሌላው «ወባ ነው» አለ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው። ግንባሩን ነካሁት። ቀትር ላይ የዋለ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው። እኔ ምን አደረግኩ? መኪና ፍለጋ ሮጥኩ። ባጃጅ እስኪገኝ ሃያ ደቂቃ አለፈ። ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ የተኛው ፀሐይ ላይ ነው። ከራስጌው አምስት እርምጃ ርቆ ለኮንክሪት የቀዳነው በርሜል አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ቆሟል። አንዲት ጣሳ አላፈሰስንበትም።

ጤና ተቋም ደረስን። የወባ ምርመራው ነጻ ሆነ። ነርሷ ልብሱን አውልቃ፣ ውሃ እያፈሰሰች፣ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«የምትሠሩበት ቦታ ውሃ የለም?»

አልመለስኩላትም። ምን እላለሁ?

ልጁ ተረፈ። ኩላሊቱ ተጎድቶ ለቀናት ተኛ። ከዚያ ባናውን ይዞ አገሩ ገባ። ተመልሶ አልወረደም። እኔም ብዙ ሳልቆይ የካቦነቱን ሥራ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለ ሙቀት ማንበብ የጀመርኩት። ያነበብኩትን ከማውቀው ሥራ ጋር ሳገናኘው አንድ ነገር ብቻ ጎልቶ ወጣ። እሱን ልንገራችሁ።

ቁልቁል ስንወርድ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ተኩል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱ 1,500 ሜትር ነው። በሙቀት ሲመነዘር 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። መንገዱ ግን 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በአንድ ዞን፣ በአንድ ጠዋት፣ ከውርጭ ወደ ንዳድ እንገባለን። እንዲህ ያለ አገር ብዙ የለም። ልጁ በጥቂት ሰዓት ወረደ። ሰውነቱ ግን ገና መንዝ ነበር።

ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ብዙ ነገር ይቀየራል። ላብ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፣ መጠኑም ይጨምራል። ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል። የደሙ ፈሳሽ ይበዛል። ልብ ለዚያው ሥራ የሚመታው ፍጥነት ይቀንሳል። የሸዋ ሮቢት ልጅ ይህን ሁሉ ይዞ ነው ያደገው። ሽንኩርት ሲነቅል ቢውል ምሽት ላይ ኳስ ይጫወታል። አዲሱን ልጅ ከእሱ ጎን አቁሞ «እሱ ቻለ፣ አንተ ለምን አትችልም?» ማለት እኩል ሥራ መስጠት አይደለም። ከባድ ሸክም የያዘና ባዶ እጁን የቆመ ሰው እንደ ማሽቀዳደም ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሥራ ቦታ ደህንነትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የሚለው ነገር አለ። በሥራ ላይ በሙቀት ከሚሞቱት ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያው የሥራ ቀናቸው ነው። ከ70 በመቶ በላዩ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። የእኔ ልጅ የወደቀው በሁለተኛው ቀን ነው።

መፍትሔው የሚያስገርም ቀላል ነው። አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ላይ የሚሠራው ከሥራው 20 በመቶውን ብቻ ይሁን። የ8 ሰዓት ሥራ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። በየቀኑ 20 በመቶ ይጨመርለት። በአምስተኛው ቀን ሙሉ ይሆናል። ከዚህ በፊት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ቢሆንም አገሩ ገብቶ ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ልምዱ መልቀቅ ይጀምራል። እሱን በ50 በመቶ ጀምሮ፣ በሁለተኛው ቀን 60፣ በሦስተኛው 80፣ በአራተኛው ሙሉ ማድረግ ይቻላል። ለፋሲካ አገሩ ሄዶ ዳግማይ ትንሣኤን አሳልፎ የሚመለሰውን ልብ በሉልኝ። «ነባር ነው» ብለን በዚያው ቀን ጉድጓድ ውስጥ የምናወርደው እሱን ነው።

ኮንትራክተሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ሳልሰማው የኖርኩ ነገር አይደለም። «ሥራ ሳይሠራ ልክፈለው እንዴ?» ይላል። ቀሪውን ሰዓት ጥላ ሥር ይሥራ እንጂ። ሳይት ላይ ሚስማር የሚያቃና፣ ፌሮ የሚያስር፣ ዕቃ የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። እርሻ ላይም ሽንኩርት የሚለይ፣ ጆንያ የሚሰፋ አለ። እነዚህን ሥራዎች ለዘመድ ከመስጠት ለአዲስ ሰው መስጠት ነው። (ለዘመድ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ንጹሕ አይደለሁም።)

አሁን ወደ ልኬቱ ልምጣ። ይህን መምሪያው በደንብ ቢያይልኝ ደስ ይለኛል።

ስልካችን ላይ «34 ዲግሪ» የሚለው ቁጥር ሰውን አይለካም። እሱ የአየሩ ሙቀት ብቻ ነው፤ ያውም በጥላ። የሾፌሮቹን ጀሪካን አይታችሁታል አይደል? ጆንያ ጠቅልለውበት፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ መኪናው ጎን ላይ ያንጠለጥሉታል። ጆንያው ሲደርቅ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የሰው ላብም ሥራው ይኸው ነው። መድረቅ አለበት። ወበቅ ሲሆን፣ መስኖው ውሃ ሲጠጣ፣ ንፋስ ሲጠፋ፣ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም። ጆንያው እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፣ ጀሪካኑም አይቀዘቅዝም። ፀሐዩ ደግሞ አናት ላይ አለ። ከኮንክሪቱም፣ ከአስፋልቱም የሚመለሰው ግለት አለ። ስልኩ ይህን አያውቅም።

ስለዚህ ባለሙያዎች ሦስት ቴርሞሜትር ይጠቀማሉ። አንደኛው ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው፤ እሱ ላቡን ይወክላል። ሁለተኛው በጥቁር የመዳብ ኳስ ውስጥ የገባ ነው፤ እሱ ፀሐዩንና ግለቱን ይለካል። ሦስተኛው ተራ ቴርሞሜትር በጥላ ነው። ከእርጥቡ 70 በመቶ፣ ከኳሱ 20 በመቶ፣ ከተራው 10 በመቶ ተወስዶ ይደመራል። ድምሩ በእንግሊዝኛ ፊደላት አጠራር ደብሊው-ቢ-ጂ-ቲ ይባላል። አሠራሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ (ማሪን) ምልምሎች በሥልጠና ላይ በሙቀት እየወደቁ ሲያስቸግሩ ነው የተፈለሰፈው። ወታደር እንኳ በመጨረሻ ተለክቶለት ነው የሠለጠነው።

አንድ ምሳሌ ልሥራ። ጥላ ሥር 34 ዲግሪ ነው እንበል። እርጥቡ 25 ያሳያል፣ ጥቁሩ ኳስ 48። 17.5፣ 9.6 እና 3.4 ሲደመሩ 30.5 ይሆናል። ቁጥሩ ከ34 ስላነሰ እንዳያታልላችሁ፤ መለኪያው ሌላ ነው። ሙቀት ለለመደ ሰው፣ መካከለኛ ሥራ ያለ ዕረፍት የሚሠራበት ገደብ 28 አካባቢ ነው። ላልለመደ ሰው 25 ነው። ለቁፋሮና ለሸክም፣ ማለትም ለከባድ ሥራ፣ ለለመደው ከ27 በታች ነው፤ ላልለመደው 23። በምሳሌው ቀን ነባሩም ያለ ዕረፍት መቆፈር አልነበረበትም። የመንዙ ልጅማ ከገደቡ 7 ዲግሪ ተኩል አልፏል። እኔ ግን «ጎበዝ» እለዋለሁ።

መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ነው፤ በባትሪ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሳይት ይገዛ አልልም። ለየቆላው ወረዳ አንድ ይኑር። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይዘውት ይዙሩ። ቀትር ላይ ለክተው ቁጥሩን ሳይቱ በር ላይ በጠመኔ ይጻፉት። መሣሪያው እስኪመጣ ግን መጠበቅ የለብንም። መሣሪያ ያልያዙት አባቶቻችን የሚያውቁት መለኪያ አለ።

ቆላ ያለ ገበሬን ተመልከቱ። ጎሕ ሲቀድ በሬውን ይጠምዳል። ፀሐይ ሲከር፣ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ይፈታል። በሬው ጥላ ይፈልጋል፣ ገበሬውም ዛፍ ሥር ይጋደማል። ሲበርድ ሌላ ሥራ ይቀጥላል። ማንም አዋጅ አላወጀለትም። በሬው ቢወድቅ በሬ ይከስራላ! የቀን ሠራተኛ ሲወድቅ ግን ነገ መናኸሪያ ላይ ሌላ አለ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። በሬ የራስ ነው፣ ቀን ሠራተኛ የማንም አይደለም። ታዲያ በሬው በሚፈታበት ሰዓት እኛ ለምሳ ግማሽ ሰዓት ሰጥተን በስድስት ሰዓት ተኩል ወደ ጉድጓድ እንመልሰዋለን።

የምለምነው ሰዓቱን ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ በቆላው፣ ከባድ ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀመር። 5 ሰዓት ላይ ይቁም። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀጥል። ስምንት ሰዓቱ ይሞላል፣ አሠሪው አይከስርም። ኳታርን እንውሰድ። የእኛው ልጆች የሚሄዱበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ደንብ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 በነሱ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ተኩል ሜዳ ላይ ማሠራት ከልክላለች። ያ የሦስት ቴርሞሜትር ድምር 32.1 ካለፈ ደግሞ በየትኛውም ሰዓት ሥራው ይቆማል። ደንቡ ሁልጊዜ ይከበራል ብዬ አልምልላችሁም። ግን ተጽፏል። የአጣዬ ልጅ ዶሃ ሄዶ የቀትር ዕረፍት አገኘ፣ አጣዬ ቀርቶ አላገኘም። ይህ ያሳፍራል።

ቁርጥ ክፍያን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። በቁርጥ የያዘ ሰው አያርፍም። በጆንያ፣ በሜትር ኩብ፣ በብሎኬት ቁጥር የሚከፈለው ሰው ለእያንዳንዷ ዕረፍት ከኪሱ ይከፍላል። «ዕረፍት አለ፣ ማን ከለከለው?» ማለት ቀልድ ነው። የዕረፍቱ ሰዓት ዋጋው ላይ ይታሰብለት። ይህን ሳታደርጉ የተቀረውን ሁሉ ብታደርጉ ሰውየው ጥላውን አልፎ ይሄዳል።

ውሃ። በእኔ ሳይት ለሃያ ሰው አንድ ጀሪካን ነበር። ያውም ከስቶሩ ጀርባ፣ አንድ ኩባያ በሲባጎ ታስሮበት። ለመጠጣት የሚሄድ ሰው «የት ትሄዳለህ?» ይባላል። የሚባለው በእኔ ነበር። አሁን የማውቀው ይህን ነው፦ ሙቀት ላይ የሚሠራ ሰው በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ መጠጣት አለበት። ሳይጠማው። ጥማት ዘግይቶ የሚመጣ መልእክተኛ ነው። ይህን ለሃያ ሰው ስታሰሉት በቀን 6፣ 7 ጀሪካን ይመጣል። ከአንድ ጀሪካን ጋር አስተያዩት። በሌላ በኩል ደግሞ በአንድ ሰዓት ከ1.4 ሊትር በላይ መጨለጥም አደጋ አለው፤ የደሙን ጨው ያቀጥነዋል። ለረጅም ሰዓት ላብ የሚያፈስ ሰው ምግቡን በጨው ይብላ። ጠዋት ባዶ ሆዱን አይምጣ። ሽንቱንም ይይ፦ እንደ ቀጭን ብርዝ ከነጣ ደህና ነው፣ እንደ ጠላ ከጠቆረ ይቁም። ይህን በሰው ፊት ማውራት ነውር መስሎን ስንት ኩላሊት ሄደ! መካከለኛው አሜሪካ፣ ኒካራጓና ኤልሳልቫዶር ውስጥ፣ ስኳርም ግፊትም የሌለባቸው ወጣት የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች በኩላሊት ሲያልቁ ኖረዋል። በየቀኑ በሙቀትና በውሃ ጥም መመታት ዋና ተጠርጣሪ ሆኗል። እዚያ አሁን ጥላ፣ ውሃና ዕረፍት በሰዓት የሚሰጡ እርሻዎች አሉ።

ጾሙን ሳላነሳ ባልፍ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም። ሰሞኑን ባሉት ዓመታት ዐቢይ ጾምና ረመዳን የካቲትና መጋቢት ላይ እየተገናኙ ነው። አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌላው እስከ መግሪብ ውሃ አፉ አይገባም። ሁለቱም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። «ጾምህን ተው» የምል ሰው አይደለሁም፤ እኔም እጾማለሁ። ነገር ግን ለጾመኛው ከባዱን ሥራ ከንጋት እስከ ረፋድ ጨርሶ ማሰናበት ይቻላል። ሌሊት ውሃ በደንብ እንዲጠጣ መንገር ይቻላል። አዲስ የወረደ ጾመኛ ደግሞ በምንም መንገድ ቁፋሮ ላይ አይመደብ። ቄሶቻችንና ሼሆቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ይናገሩታል። የእነሱ ቃል ከካቦ ጩኸት ይሰማል።

ጫትና አረቄውም አለ። አረቄ ያመሸበት ሰው ጠዋት የሚመጣው ደርቆ ነው። ጫት ደግሞ ድካሙን ይደብቃል፣ የሰውነቱንም ሙቀት ይጨምራል። ሰውየው ደህና የሆነ ይመስለዋል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ማሾና ሽንኩርት ለሚያሠሩ። ኬሚካል የሚረጨው ልጅ የፕላስቲክ ልብስ ይለብሳል፣ መልበስም አለበት። ግን ያ ልብስ ላቡን አያስወጣም። ስለዚህ አምስት ሰዓት ላይ ያወልቀዋል። ከዚያ ኬሚካሉን በባዶ ገላው ይቀበላል። እሱን መቆጣት ከንቱ ነው። ርጭቱ ጎሕ ሲቀድ ይጀመርና ፀሐይ ሳይበረታ ይለቅ። ሌላ ዘዴ አላውቅለትም።

ደጋ ያላችሁም «እኛን አይመለከተንም» እንዳትሉ። ደብረ ብርሃን ውጭው ቢበርድም የዳቦ ቤቱ ምድጃ አይበርድም። እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ ጭስ ቤት ውስጥ፣ ሦስት ምጣድ ከብባት ነው የምትውለው። ልጇን አዝላም የምትጋግር አለች። የአየሩ ቁጥር 15 ቢሆን እሷ ፊት ያለው ሌላ ነው።

አሁን ስለ ወደቀ ሰው። ይህን በትልቅ ፊደል ጻፉልኝ፣ በየሳይቱ በርም ለጥፉልኝ።

በሙቀት ላይ እየሠራ ያለ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ አካሄዱ ከተንገዳገደ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣ ወይም ከወደቀ፣ ጭንቅላቱ እየተመታ ነው። የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ደርሶ ወይም አልፎ ይሆናል። «ላብ አለው፣ ስለዚህ ደህና ነው» አትበሉ። ሥራ ላይ የሚመታ ሰው እያላበውም ይወድቃል። ክብሪት አያድነውም። ሽንኩርትም አያድነውም። ወደ ጥላ ጎትቱት። ልብሱን አውልቁ። ያገኛችሁትን ውሃ ሁሉ አፍስሱበት፤ የኮንክሪትም ቢሆን፣ የመስኖም ቢሆን። ከአናቱ እስከ እግሩ፣ ሳታቋርጡ። በካርቶን አራግቡለት። በርሜል ወይም ገንዳ ካለ ራሱን ደግፋችሁ እስከ አንገቱ አግቡት። ራሱን ካላወቀ አፉ ውስጥ ውሃ አትጨምሩ፤ ያንቀዋል። አንድ ሰው መኪና ይፈልግ፣ የቀራችሁት አቀዝቅዙ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ነው፣ ከዚያ ማጓጓዝ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው የሚያድነው ወይም የሚገድለው። ባጃጅ ውስጥም እየረጠበ ይሂድ። ሐኪሙ ወባውንም ይመርምር፣ ግን «ሙቀት ላይ ሲሠራ ነው የወደቀው» ብላችሁ ንገሩት።

ሕጉን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪ የሠራተኛውን ጤናና ደህንነት የመጠበቅ፣ በሥራው ላይ ስላለው አደጋም የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ሙቀት ከዚህ ውጭ ነው የሚል አላነበብኩም። ችግሩ የቀን ሠራተኛ ስሙ የሚገኘው የካቦ ደብተር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ሲወድቅ ስሙ ይሰረዛል፣ የእኔም ደብተር ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከልጁ ስም ጎን የጻፍኩት «ቀረ» የሚል ነው። ማንም አልጠየቀኝም። የሚጠይቅ ቅጽም አልነበረም።

ስለዚህ ከብዙው ልመናዬ ሦስቱን ብቻ ብትሰሙኝ፣ የመጀመሪያው የአዲስ ሰው ሳምንት ነው። ሌላው የቀትር ዕረፍቱ። ሌላው ደግሞ ይህ ቅጽ፦ በሙቀት የወደቀ ሰው ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ከየት እንደመጣና ሥራ ከጀመረ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ የሚመዘገብበት አንድ ገጽ። አንድ ዓመት ከሞላችሁት የትኛው ቀን እንደሚገድለን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።

ለካቦዎች ገለጻ የምትሰጡ ከሆነ በነጻ እመጣለሁ። ሠንጠረዥና ስላይድ የለኝም። ያለኝ በርሜልና ጣሳ ነው። አንድ ካቦ ተጋድሞ ሌሎቹ ሲያፈሱበት ላሳያቸው እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የምጋደመው እኔ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የቀድሞ ካቦ፣ ከደብረ ሲና

ግልባጭ፦
ነገ ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሰው ልትጭኑ ለምትሄዱ ካቦዎች